ዓይነ አፋሩ ዓሣና የእትዬ እንዝርት

መብራት ጠፋ? ይጥፋ፣ ግዴለም። ፍኖተ ሰላም ላይ ወሬ የሚጥመው መብራት ሲጠፋ ነው። ስልካችሁንም ወደዚያ በሉት፣ ዓይን ይወጋል። አቦሉ እየፈላ ነው፤ በረካው ሳይደርስ አንድ ታሪክ እጨርስላችኋለሁ።

ታሪኩ የዓሣ ነው። የሚጠበሰው ዓሣ እንዳይመስላችሁ። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ፣ በጨው ውሃ የሚኖር፣ ከሩቅ ባሕር የመጣ ዓይነ አፋር ዓሣ ነው። ባለቤቱ አምስት ሳምንት ሙሉ ሲቀልበው ኖሮ መልኩን በቅጡ አላየውም። ከቡሬ የሄዱ አንዲት እናት ግን በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ ያውም ሳይፈልጉት፣ ከነጎረቤቱ አዩት። እናቲቱ አክስቴ ናቸው፤ እኛ እትዬ ነው የምንላቸው። ባለቤቱ ደግሞ ልጃቸው፣ አብሮ አደጌ ነው። ስም አልጠራም፤ እትዬ ስማቸው በየቡናው ሲነሣ አይወዱም።

ነገሩ ግን ከባሕር አይጀምርም። ከእኛው ወንዝ ነው የሚጀምረው።

ልጆች ሳለን እኔና እሱ አብረን ከብት እናግድ ነበር። ከብቶቹ ውሃ ሲጠጡ እኛ ድንጋይ እንገለብጣለን። በእኛ ወንዞች ድንጋይ ሥር ጣት የምታህል፣ ጭቃ የመሰለች ዓሣ አለች። አገጯ ሥር እንደ ኮት ቁልፍ ክብ የሆነ መጥመጫ አላት፤ ውሃው የቱንም ያህል ቢገፋት ድንጋዩ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ ብትሰድዱ አንድ ለስላሳ ነገር ጣታችሁን ይነካል። ጣታችሁን ስታጥፉ የለችም። ውሃው ብቻ ይደፈርሳል። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" እየተባልን ነው ያደግነው፤ እኛ ግን ዘንዶውንም ዓሣዋንም አላወጣንም። አንድ ቀን ጉርጥ አውጥተናል፤ እሱንም ያወጣው አብሮ አደጌ ነው።

ያቺ ዓሣ ወገኗ በሳይንስ "ጋራ" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 አበበ ጌታሁን የተባሉት የአገራችን የዓሣ ሊቅና ባልደረባቸው ሜላኒ ስታያስኒ ቀድሞ በሳይንስ ያልታወቁ አምስት የኢትዮጵያ ጋራዎችን ለዓለም አስተዋወቁ። ከአምስቱ አንዷን ምን ብለው ሰየሟት? ጋራ ደምበጫ! አዎ፣ ከዚህ ተነሥታችሁ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ ሻይ የምትጠጡባት ደምበጫ። እኛ ድንጋይ ስንገለብጥ ወገኗን ስንነካካ የኖርነው ዓሣ፣ ስሟ በዓለም መዝገብ የገባው ከእኛው አገር ከተማ ጋር ነው።

ታላላቆቻችን ግን ድንጋይ ለመገልበጥ ትዕግሥቱ አልነበራቸውም። ብርብራ ይዘው ይመጣሉ። ብርብራን ታውቁታላችሁ፤ ለቡናው ጥላ የሚሆነው፣ ሐምራዊ የሚያብበው፣ የአገራችን ብቻ የሆነው ዛፍ። ፍሬውን ወቅጠው ውሃው ከሚተኛበት ጥልቅ በላይ ይበትኑታል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው እንደ ሰከረ ሰው ይወላገዳል፤ ከዚያ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ይንሳፈፋል። እነሱ ትልልቁን ይለቅማሉ። ትንሿን ማን ይፈልጋታል? እኛ ስንት ቀን ድንጋይ ሥር ስንፈልጋት የኖርናትን ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየናት ያን ቀን ነው። ሆዷ ነጭ ነበር።

የብርብራው መርዝ ሮቴኖን ይባላል። ሰውየው ዓሣውን ጠብሶ ቢበላ ብዙም አይጎዳው ይሆናል፤ ዓሣው ግን በስንጥቡ ነው የሚተነፍሰው፣ መርዙም በዚያው በስንጥቡ ቀጥ ብሎ ደሙ ውስጥ ይገባል። ዓሣው የሚሞተው አየር አጥቶ እንዳይመስላችሁ። አየሩ ደሙ ውስጥ እያለ ሥጋው ሊጠቀምበት አቅቶት ነው። እንጀራ ከፊቱ ተዘርግቶ እጁ የታሰረ ሰው ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አብሮ አደጌ ከዓመታት በኋላ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ገባ። ሥራ ያዘ፣ ቤት ያዘ። አንድ ቀን ደወለልኝና፣

"ባሕር ልገዛ ነው" አለኝ።

"ምን ልትገዛ?"

"ባሕር። ሁለት መቶ ሊትር።"

"ጨዉንስ? ከገበያ ገዝተህ ትበጠብጣለህ?"

"እሱማ የወጥ ውሃ ነው የሚሆነው!" ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ለ200 ሊትሩ 7 ኪሎ መሆኑ ነው። ግን የባሕር ጨው ስንል ወጥ ላይ የምንነሰንሰው ብቻ አይደለም፤ ማግኒዥየም አለበት፣ ካልሲየም አለበት፣ ፖታሲየም አለበት። ኮራል የሚባለው ፍጡር ያንን ድንጋይ የመሰለ ቤቱን የሚገነባው ከካልሲየሙ ነው። የአባቶቻችንን አሞሌ አስቡት። ከዳናክል በግመል ወጥቶ በጎጃም ገበያ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረው አሞሌ ራሱ የባሕር ቅሪት ነው። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ወደዚያ ቆላ ገብቶ ነበር፤ የዚያን ጊዜው የኮራል አለት ዛሬም በዳርቻው ደርቆ ቆሟል። ባሕሩ ተቆርጦ ሲቀር ፀሐይ መጠጠችው። ባሕር ሲደርቅ ታዲያ ሁሉም በየተራው ነው የሚቀመጠው፦ ጂፕሰሙ ቀድሞ፣ ከሱ ቀጥሎ የምንበላው ጨው፣ በመጨረሻ ፖታሹና ማግኒዥየሙ። ስለዚህ አሞሌውን መልሳችሁ ብትበጠብጡት ባሕር አይሆንላችሁም፤ ከቤተሰቡ አንድ ልጅ ብቻ ነው የተመለሰው። አብሮ አደጌ ሁሉም የተመጠነበትን፣ ለዓሣ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው ገዛ።

ውሃው ተሞላ፣ ድንጋዩ ተደረደረ፣ ፓምፑ ዞረ። "ዓሣውስ?" አልኩት። "ገና ነው፣ ይሟሽ" አለኝ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ወዲያው ገባቸው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ ይወጣለታል? አይወጣለትም። ያም ሣጥን እንደዚያው ነው። ዓሣ ሲበላና ሲጸዳዳ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይገባል፤ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ጥቃቅን ሠራተኞች ተባዝተው ቤቱን እስኪሞሉት ሳምንታት ይፈጃል። የቆየ ድንጋይ ከሌላ ሣጥን ቢመጣ እንደ እርሾ ያፋጥነዋል። እስከዚያ ባዶ ውሃ መቀለብ ነው! ጎረቤቶቹ ምን ብለውት ይሆን?

በዚያ ላይ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። የጎደለውን በጨው ውሃ ብትሞሉት ሣጥኑ ቀስ በቀስ ትንሽ ዳናክል ይሆናል። ስለዚህ የተነነውን የሚተኩት ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። አብሮ አደጌ በየጠዋቱ ልክ እንደ መድኃኒት መጠን እየለካ ይጨምራል። "ዓሣ አርቢ ሆንኩ ብዬ ነበር፣ ለካስ ውሃ አርቢ ነኝ" ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ የመጀመሪያው ዓሣ ገባ። በላ፣ ዋኘ፣ ደህና መሰለ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሲነሣ ሞቶ አገኘው። ውሃውን ለካ፤ እንከን የለውም። እዚያው የሚኖር አንድ የቆየ ዓሣ አርቢ ሲሰማ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፦ "በምን የተያዘ ነው?"

አሁን ወደ ብርብራው ልመለስ። የኮራል ዓሣ ድንገት ሲያዩት አለቱ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ በመረብ ለመያዝ ትዕግሥትና ጥበብ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፊሊፒንስ ባሕር የተጀመረ አቋራጭ አለ። ጠላቂው ሲያናይድ የተበጠበጠበት ጠርሙስ ይዞ ይወርድና ስንጥቁ ውስጥ ይረጫል። ዓሣው ሰክሮ ሲወጣ ይለቀማል። ኮራሉ እዚያው ይሞታል። ዓሣው ሲነቃ ደህና ይመስላል፣ ይሸጣል፣ ባሕር ይሻገራል፤ ብዙው ግን ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሰው ቤት ይሞታል። ሲያናይድ እንደ ሮቴኖን ሁሉ ሥጋ አየሩን እንዳይጠቀምበት ነው የሚያደርገው። ምግብ ወደ ጉልበት የሚለወጥበት አንድ ሰንሰለት በሕዋስ ውስጥ አለ፤ ብርብራው መጀመሪያው ቀለበት ላይ ይበጥሰዋል፣ ሲያናይዱ መጨረሻው ላይ። አብሮ አደጌ ይህን ያነበበ ሌሊት ደውሎ፣ "ያች ነጭ ሆዷ ትዝ ትልሃለች?" አለኝ። ሌላ ምንም አላወራንም።

ቀጥሎ በመረብ የተያዘ መሆኑን አጣርቶ አንድ ጎቢ ገዛ። ጣት ያህል የሚረዝም ቢጫ ዓሣ ነው፤ አፈ ሰፊ፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ የተቀመጡ፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት። ከሱ ጋር አብሮት የሚኖር ሽሪምፕ ገዛ። ሁለቱን ሣጥኑ ውስጥ ለቀቃቸው። ድንጋዩ ሥር ገቡ። በቃ፣ ጠፉ።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ምግብ ይጥላል፣ ጠዋት የለም፤ ማን እንደበላው አይታወቅም። በሦስተኛው ሳምንት በባትሪ ማየት ጀመረ። በአራተኛው ዘንግ አስገብቶ ድንጋዩን ነካካ። በአምስተኛው አንዱን ድንጋይ አነሣው። "ምነው፣ እንደ ልጅነታችን ድንጋይ ትገለብጣለህ?" አልኩት። "በሕይወት መኖራቸውን ልወቅ ብዬ ነው" አለ። ያሳዝናል! ፍቅር ነው የሚያስጎረጉረው።

እትዬ የደረሱት በዚህ መካከል ነው። ከገና በኋላ፣ በዚያ አገር ብርድ። ሰዓቱ ተገለባብጦባቸው ሌሊት ይነቁ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ከሳሎን "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰሙ። ደግሞ "ጧ!"። ልጃቸውን ቀሰቀሱት።

"ልጄ፣ ይህ መስተዋትህ ሊፈነዳ ነው። ቤቱን ውሃ ሳይሞላው ተነሥ!"

እሱ ከአልጋው ዘሎ ወረደ፤ ፊቱ ግን ይስቅ ነበር። "እማዬ፣ ሽሪምፑ ነው! አለ ማለት ነው!" ያ ሽሪምፕ አንዱ ክንዱ ትልቅ ነው። ድንገት ሲገጥመው ውሃውን ይተኩሰዋል፤ ድምፁ መስተዋት የተሰነጠቀ ነው የሚመስለው። እትዬ "ታዲያ ይህን ጠመንጃ ምን ብለህ ቤት አስገባኸው?" ብለው ተመልሰው ተኙ።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነሡ። መብራት አላበሩም፤ የሰው ቤት መብራት ማብራት ያሳፍራቸዋል፣ የልጃቸውም ቢሆን። ከቡሬ ይዘውት የሄዱትን ጥጥና እንዝርት አወጡ። ሣጥኑ ፊት ለፊት፣ ራቅ ብለው፣ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጡና ውዳሴ ማርያማቸውን በለሆሳስ እየደገሙ መፍተል ጀመሩ። እንዝርቱ ይሾራል፣ ክሩ ይወርዳል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚህ ሌላ በዚያ ክፍል የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ብርሃኑ በመስኮት ቀስ ብሎ ገባ።

የሆነውን እሳቸው እንደነገሩኝ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከድንጋዩ ሥር ጥቂት አሸዋ ተገፍቶ ወጣ። "ፍልፈል ነው ያልኩት" አሉ እትዬ፤ የቡሬ ሰው አይደሉ፣ ማሳ ላይ አፈር ሲገፋ ያዩት ፍልፈል ነው። ቀጥሎ ሁለት ክንዶች አሸዋ ታቅፈው ብቅ አሉ፣ አፈሰሱ፣ ተመለሱ። ደግሞ ብቅ፣ ደግሞ ማፍሰስ። ከዚያ ቢጫው ወጣና ደጃፉ ላይ ሆዱን አሸዋው ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ብቻ ያዟዙራል። ሽሪምፑ በወጣ ቁጥር አንደኛዋን ረጅም ፂሙን ጭራው ላይ ያሳርፋል። እትዬ ይህን ጊዜ እንዝርታቸውን አቆሙ። በልጅነታቸው በደብር አጸድ ያዩት ነገር መጣባቸው፦ ዓይነ ሥውር መሪጌታ እጃቸውን በልጅ ተማሪ ትከሻ ላይ አሳርፈው ሲሄዱ።

የተሳሳቱት የለም። ያ ሽሪምፕ ዓይኑ ደካማ ነው፤ መቆፈር ግን ያውቅበታል። ጎቢው መቆፈር አይሆንለትም፤ ዓይኑ ግን ብሩህ ነው። አንዱ ቤት ይሠራል፣ አንዱ ዘብ ይቆማል። አደጋ ሲመጣ ጎቢው ጭራውን ያርገበግባል፤ ፂሙ ይሰማል፤ ሁለቱም በዓይን ጥቅሻ ይገባሉ። እትዬም ይህንኑ አዩ፤ ልጃቸው ከመኝታ ተነሥቶ ሳሎን ገባና መብራቱን ቦግ አደረገዋ!

"ምነው አበራኸው!" አሉት።

"ምን አየሽ?"

"ዕውርና መሪው። ደጃፋቸውን ሲጠርጉ።"

"አምስት ሳምንት ሙሉ ስፈልጋቸው!"

"አንተ ሙሽራ ልታይ መጋረጃ ትገልጣለህ። ሙሽራ እንዲህ ትታያለች? ቁጭ ብለህ ሥራህን ሥራ፤ ስትለምድህ ራሷ ትገልጠዋለች።"

ከዚያ ቀን ወዲያ ሰውየው ተለወጠ። ዘንጉን ጣለ። የላይኞቹን ድንጋዮች ለመጨረሻ ጊዜ አውጥቶ፣ የታችኞቹን ከአሸዋው ላይ ሳይሆን ከሣጥኑ ወለል ላይ አስቀመጣቸው፤ ለምን ቢባል ሽሪምፑ ሥሩን ሲቆፍር አለቱ ተንዶ እንዳይደፍቃቸው። አንድ መውጫ የነበረውን ዋሻ ሁለት መውጫ አደረገው። ደረቱን ነፍቶ የሚዋኝ ሰላማዊ ጥንድ ዓሣ ጨመረ፤ ዓይነ አፋር ዓሣ ሌላው ሳይፈራ ሲዋኝ ካየ "ደህና ነው ማለት ነው" ብሎ ይወጣል። መብራቱ በአንዴ ቦግ ማለቱ ቀርቶ ቀስ እያለ የሚነጋ፣ ቀስ እያለ የሚመሽ ሆነ። ምግቡን በረጅም ቀጭን ቱቦ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ደጃፋቸው ላይ ያወርድላቸዋል። ላይኛውን በወንፊት መረብ ከደነው፤ የደነገጠ ዓሣ ዘሎ ወለል ላይ ሊገኝ ይችላላ።

ኋላም አንድ ሌላ ጨመረ፤ ይህኛው ከባሕር አልተወሰደም፣ በመስተዋት ውስጥ ተፈልፍሎ ያደገ ነው። ሰማያዊ ነው፤ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጀርባውን ተከትሎ ቢጫ የተቀባ። የቀይ ባሕር ዓሣ ነው፤ ወንዱ እንቁላሉን ጉድጓድ ውስጥ ይዞ የሚጠብቅ። ለሳይንስ የገለጸው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደር ወጣ፣ ጣናንም አየ፤ የጣናንም ዓሦች ገልጾ ሰየመ። ጣና ደግሞ ከእኛው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ፣ በግልገል ዓባይ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል ነው። ዛሬ በዚያ ሐይቅ ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ ወደ 15 የሚጠጉ፣ ላቤዮባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ክረምት ክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። መረብም ብርብራም የሚጠብቃቸው ያን ጊዜ ነው።

"አንተም እዚያ አንድ ሣጥን ትከል" አለኝ አብሮ አደጌ። አሰብኩበት። ፍኖተ ሰላም ከባሕር በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ በራሱ ከንጹሕ ውሃ ያነሰ አየር ነው የሚይዘው። መብራት እንዲህ ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ዓሣውም እነዚያ ጥቃቅን ሠራተኞችም አብረው ይታፈናሉ። ባሕሩን ተውኩት። ከወንዛችን አንዲቷን ጋራ በማሰሮ አመጣሁ። የሚሮጥ ውሃ የለመደች ዓሣ በተኛ ውሃ ምን ትሆናለች? በማግስቱ ነጭ ሆዷን አየሁት፤ ለሁለተኛ ጊዜ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም።

አሁን እኔ ራሴ ነኝ ወደ እሷ የምሄደው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ወንዙ ዳር፣ ጥላዬ ውሃው ላይ በማይወድቅበት በኩል እቀመጣለሁ። መፍተል አላውቅም፤ መቁጠሪያ ይዤ ነው። ድንጋይ አልገለብጥም። ሩብ ሰዓት ያህል ምንም የለም፤ ውሃና ድንጋይ ብቻ። ከዚያ አንዱ ድንጋይ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር ይንቀሳቀሳል። ትለጠፋለች፣ አረንጓዴውን ትፍቃለች፣ ትንሽ ትንሸራተታለች፣ ደግሞ ትለጠፋለች። ፍቃ ስትሄድ ድንጋዩ ላይ እንደ ጣት ምልክት የጸዳ መስመር ይቀራል። ሃምሳ ዓመት እዚህ ኖሬ ያንን መስመር የወንዝ እድፍ ነበር የሚመስለኝ።

እትዬ ባለፈው ሲደውሉ "ወጣችልህ ወይ?" አሉኝ። "ወጣች" አልኳቸው። "ስንት ነበሩ?" ቢሉኝ ሦስት ድረስ መቁጠሬን ነገርኳቸው። "ገና ትቆጥራለህ" አሉ።

እ! ይኸው መብራቱ መጣ። በረካውም ደረሰ፤ ቃሌን ጠብቄአለሁ። ቆይ፣ ወዴት ነው የምትነሡት? አንዱ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ አንዱ ወደ ቻርጀሩ፣ ሁሉም ወደየጓዳው... እንግዲህ ግቡ። አንተ ልጅ፣ ስትወጣ ያንን አምፖል አጥፋልኝ። እኔ ትንሽ እቀመጣለሁ።